ሁለታችንም የተውነው መደብ

"ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?" ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ጎረቤት ይጠይቀኛል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሥራዬን ሲሰማ ይጠይቀኛል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲይዝበት የሚጠራኝ የቢሮ ሰው ሳይቀር፣ እኔ ጎንበስ ብዬ የተጨማደደ ወረቀት ስጎትት ከበላዬ ቆሞ ይጠይቀኛል። ድሮ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። አሁን ግን መካነ ሰላም ላይ የገጠመኝን ካልተረክሁ መመለስ አይሆንልኝም፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ቶሎ ይደክመኛል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሂድና አንብብ እለዋለሁ።

ያኔ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራዬ አልፌዋለሁ። ዲግሪዬ በላስቲክ ተለብጦ እናቴ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ወግዲ ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሚሞሪ እጭናለሁ፤ ለአንዱ መንዙማ፣ ለአንዱ መዝሙር፣ ለጎረምሳው ዘፈን። መብራት ሲጠፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ አያለሁ። መብራት ደግሞ የሚጠፋው በአብዛኛው ሥራ ሲመጣ ነው።

የክፍል ጓደኞቼ ከእኔ ተሻሉ ማለት ይከብዳል። አንዱ አቀስታ ባንክ ገብቶ መስኮት ላይ ብር ይቀበላል። አንዷ ማሻ ከተማ ትምህርት ቤት አይሲቲ ታስተምራለች፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ስለማይነሱ ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ እየሳለች ነው የምታሳያቸው። አንዱ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ከሁላችን የተረጋጋው እሱ ነው። ሌላው አዲስ አበባ አንድ ድርጅት "ልምድ ታገኛለህ" ብሎት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ሠርቶ፣ ልምዱን ይዞ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ።

አባቴ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። ታናሽ ወንድሜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርና አባቴ ከትምህርት ሊያስቀረው እያሰበ ነበር። "እህትህ ይኸው ተምራ ከሰው ደጅ ተቀምጣለች። አንተ ደግሞ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?" ሲለው ከውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ። በበጋው መጨረሻ በሬዎቹን ሊያስረክበው አስቦ ነበር። የወንድሜ ትምህርት እኔ ሥራ በማግኘቴና ባለማግኘቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ይህን እያወቁ ጠዋት ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት ያደክማል።

ዘሃራ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ አራቱንም ዓመት አንድ ዶርም ኖረናል፤ ከላይ አልጋ እሷ፣ ከታች እኔ። ከእኔ ትበልጣለች፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። እኔ ሦስት ቀን ያለቀስሁበትን ፕሮግራም ሻይ እየጠጣች የምታስተካክል ልጅ ነበረች። እሷም እንደ እኔ ሁለት ዓመት ቤት ውላለች። ታላቅ እህቷ ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች፤ ለዘሃራም ቪዛ አውጥታላት ነበር። የቀራት ደሴ ሄዳ የጤና ምርመራ መግባት ብቻ ነው። ግን አንድ ቀን ትታመማለች፣ አንድ ቀን ዝናብ ይሆናል፣ ዛሬ ነገ እያለች ቆየች።

አንድ ከሰዓት ደወለችልኝ።

"እመቤት፣ እዚህ ማስታወቂያ ወጥቷል። የአይሲቲ ባለሙያ። ለአዲስ ተመራቂ ነው።"

"ስንት ሰው?"

"አንድ።"

"አንቺስ?"

"እኔም እመዘገባለሁ። አንቺም ነይ። ባትመጪ ወላሂ እጣላሻለሁ።"

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ለታሪኩም አያስፈልግም። የፈተናው ቀን ግቢው ሞልቶ ነበር። ከእኛ በፊት የተመረቁ፣ ከእኛ በኋላ የተመረቁ፣ ልጅ አዝላ የመጣችም ነበረች። የጽሑፍ ፈተናውን እንደጨረስን መብራት ሄደና የተግባር ፈተናው ጄኔሬተር እስኪነሳ ተራዘመ። ግቢው ውስጥ ቆመን ጉም ሲወርድና ሲነሳ ስናይ ዋልን። ተራዬ ሲደርስ ሠንጠረዥ ሠርቼ እንዳትም ነበር የታዘዝሁት። አተምሁ። ከአራት ዓመት ትምህርቴ ውስጥ የተፈተንሁበት ይሄው ነበር፤ ወጥቼ ለዘሃራ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ተለጠፈ። አንደኛ ላይ ሁለት ስም ነበር፤ የእሷና የእኔ። ነጥባችን እኩል። ከታች በእጅ ጽሑፍ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ባለበት በዕጣ ይለያሉ ይላል።

ዕጣ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። መሬት በዕጣ ይደርሳል፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ይወጣል፣ ዕቁብም በዕጣ ነው። እኔ ግን ሥራም በዕጣ መሆኑን ያን ቀን ገና አየሁ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርነው ፕሮባቢሊቲ ተጠቅልሎ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ሆነ።

"ግማሽ በግማሽ" አለች ዘሃራ ማስታወቂያውን እያየች። ድምጿ ላይ ቀልድም የለ፣ ምንም የለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ቤት ሂጂ፤ እማዬ ትጠብቅሻለች። እኔ ትንሽ ጉዳይ አለኝ።"

እናቷ እትዬ ሐዋ ይባላሉ። ያረፍሁት እነሱ ቤት ነው፤ እኔም መፈተኔን ግን አያውቁም፣ ዘሃራን ላበረታታ የመጣሁ ነበር የመሰላቸው። ጅዳ የሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል የተመለሱ ሴት ናቸው። ሲቀመጡ ግድግዳ ይዘው ነው፣ ሲነሱም ግድግዳ ይዘው። ስገባ ከመደቡ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"እንዴት ዋላችሁ፣ እትዬ ሐዋ? አፊያ ናችሁ?"

"አልሐምዱሊላህ። ነይ ግቢ፣ የኔ ሸጋ። ውጤቱ እንዴት ሆነ? ልጄስ?"

ዘሃራ ምን ነግራቸው ምን እንዳልነገረቻቸው አላወቅሁም። "ትመጣለች፤ እሷ ትንገራችሁ" አልሁና ጫማዬን አወለቅሁ።

ዘሃራ ስትመጣ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እናቷ መግሪብ ሰግደው እስኪጨርሱ ጠበቀችና አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። እኩል ነጥብ ያመጣ ሌላ ሰው አለ፣ ነገ በዕጣ ይለያል አለቻቸው። እትዬ ሐዋ ፊታቸው በራ።

"እና ከሰው ሁሉ ሁለት ቀራችሁ? ማሻ አላህ! ያኛው ማነው ታዲያ?"

"አንድ የክፍላችን ልጅ ነው" አለች ዘሃራ፣ እኔን ሳታይ።

"ሸጋ ልጅ ነው?"

"ሸጋ ነው። ትንሽ ግትር ነው እንጂ።"

ሳቄ መጣ፤ ግን ቶሎ ጠፋ። ምክንያቱም እትዬ ሐዋ ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙ።

"አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ ላንቺ ልንገርሽ" አሉኝ። "ያ የሰው ቤት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። 'አንቺ' ነበርኩ፣ ስንት ዓመት ሙሉ። ትልቋ ልጄ አልሰማ አለችኝ፣ ሄደች። ይችኛዋን ግን ያስተማርኩት ያን ደጅ እንዳታየው ብዬ ነው። እዚያ ወለል ስጠርግ 'ይሄ ለዘሃራ ደብተር፣ ይሄ ለዘሃራ ጫማ' እያልኩ ነው የጠረግሁት። ነገ ዕጣው ከወጣላት ድካሜን ረሳሁት ማለት ነው። ካልወጣላት ትሄዳለች፤ አውቃለሁ።"

ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ እስላምም ሁን ክርስቲያን አብረህ እጅህን ዘርግተህ "አሚን" ትላለህ፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ የለም። እኔም ዘረጋሁ።

"ያረቢ፣ ነገን አግራላት።"

"አሚን።"

"ዕጣዋን አውጣላት፤ የሰው ደጅ አታሳያት።"

"አሚን።"

"ያንንም የሰው ልጅ አታሳፍረው። እሱም እናት አለችው። ከዚህ የሚበልጥ በር ክፈትለት።"

"አሚን" አልሁ። በራሴ ላይ አሚን ስል ድምፄ ተሰበረ። እትዬ ሐዋ ለልጃቸው ያለቀስሁ መስሏቸው ጉንጬን ዳበሱኝ። ዘሃራ አንገቷን ደፍታ የምንጣፉን ክር ትነቅል ነበር።

በጊዜ ተኛን። ዘሃራ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ እኔም አልጠራኋትም። አንድ ዶርም አራት ዓመት ያወራን ሰዎች ያን ቀን ማውራት ሲገባን አላወራንም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር በመካከላችን ተኝቶ ነበር። "እኔ ልተውልሽ" ብላት እንደማትቀበል አውቃለሁ፤ "ተይልኝ" እንደማትለኝም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልነግራት ላደርገው ወሰንሁ። ወንድሜን አሰብሁት፣ አባቴን አሰብሁት። ግን ወንድሜ ቢቀር የሚቀረው ከትምህርት ነው፤ እትዬ ሐዋ ግን አንድ ልጅ ለሰው አገር ሰጥተዋል፣ ሌላዋን ሊሰጡ ነው። እንዲህ አድርጌ አስልቼ ጨረስሁ። ስሌቱ ውስጥ ዘሃራ ራሷ ምን ትፈልጋለች የሚል አልነበረም፤ ያን ሰዓት ይህ አልታየኝም።

ጠዋት ስነቃ ዘሃራ የለችም። "ቀድማ ወጣች፤ ከዚያው እንገናኝ ብላሻለች" አሉኝ እትዬ ሐዋ። ፊቴን ታጥቤ ቢሮው እንደተከፈተ ደረስሁ።

የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ሙሉጌታ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገና ሥራ ሳይጀምሩ የሰለቸ ነው።

"ዕጣው ሦስት ሰዓት ነው፤ ውጭ ጠብቂ።"

"ለዕጣው አይደለም። ከውድድሩ ልወጣ ነው።" ደጅ ቆሜ የጻፍሁትን ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ።

አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"አንቺም?"

"እኔም ማለት?"

"ጓደኛሽ ትናንት ውጤቱ እንደተለጠፈ መጥታ ተወች። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ይኸው ነገርሁሽ።" ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡ። "እናንተ ልጆች ምን ሆናችሁ? ለዚህ መደብ በጀት ለማስፈቀድ ስንት ስብሰባ ላይ እንደተንከራተትሁ ታውቃላችሁ? ሦስተኛ የወጣችው የማለፊያ ነጥብ አላመጣችም። ሁለታችሁም ከተዋችሁት መደቡ ይታጠፋል። ለመጪው ዓመት ይመለስ አይመለስ እኔም አላውቅም።"

ትናንት እናቷ ሲመርቁ፣ እኔ እያለቀስሁ አሚን ስል፣ ዘሃራ ትታው ነበር የመጣችው። ለካ ዕጣ አልነበረም። ዝም ብዬ ብተኛ ኖሮ ሥራው የእኔ ነበር።

"ማህተም አላረፈበትም" አሉ አቶ ሙሉጌታ ማመልከቻዬን በጣታቸው እየነኩ። "ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆያል። ሂጂና ተነጋገሩ። ደሴ እሄዳለሁ ስትል ሰምቻታለሁ፤ ከሄደችም ገና መናኸሪያ ናት።"

ስልኳ ዝግ ነው። ሮጥሁ። የመካነ ሰላም ጠዋት ጉሙ ገና አልተነሳም፣ መናኸሪያው ውስጥ የሰው እግር እንጂ ፊት አይታይም። "ደሴ በአቀስታ! ደሴ፣ የሞላ!" እያለ የሚጮኸውን ረዳት ተከትዬ ሚኒባሷ ጋ ደረስሁ። ያልሞላች "የሞላ" ነበረች፤ እግዜር ይስጠው። ዘሃራ መስኮቱ ጋ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ ተቀምጣለች። አየችኝ፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና ገለጠችው። መስኮቱን ከፈተች።

"ውረጂ" አልኋት።

"አልወርድም። ወንበሬን ይይዙብኛል።"

"ዘሃራ! ለእኔ ብለሽ ነው የተውሽው?"

"እንዲያ ቢሆን ደስ ይልሽ ነበር፣ አይደል?" ሳቀች፤ የሳቅ ዓይነት አልነበረም። "ላንቺ ብዬ አይደለም፣ እመቤት። ደክሞኝ ነው።"

"ሁላችንም ደክሞናል።"

"አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜአለሁ። ትናንት ደግሞ ስሜ ከላይ ተጽፎ አየሁ፣ ከሥሩ ዕጣ ይላል። ዕጣው ቢወጣልኝ ዕጣ ነው የቀጠረኝ። ባይወጣልኝ ዕጣ ነው ሪያድ የላከኝ። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ? አንድ ነገር እንኳ እኔ ልወስን አልኩ።"

"ሰው ቤት መሄድ ውሳኔ ነው?"

"መጥፎ ውሳኔ ነው" አለች። "ግን የኔ ነው።"

ረዳቱ ሁለት ሰው አስገብቶ በሩን ገጭ አደረገው።

"እናትሽስ?"

እዚህ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። "ዕጣው አልወጣላትም በያት። ዕጣ ከሆነ ከአላህ ነው ትላለች፤ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትቀበለዋለች። ትቼው እንደሄድሁ ካወቀች ግን አትቀበለውም። ደርሼ ከደሴ እደውልላታለሁ። በአላህ እመቤት፣ ይህቺን ብቻ።"

"ዘሃራ፣ እኔም ትቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ሥራውን። አሁን ማመልከቻ አስገብቼ ነው የመጣሁት። ትናንት እናትሽ ሲመርቁ..."

አልጨረስሁም። ወገቧን በመስኮቱ አውጥታ ግንባሬን በመዳፏ ገፋችው።

"አንቺ ደንቆሮ! ማን ለመነሽ? እኔ የተውኩትን አንቺም ከተውሽው የማን ሊሆን ነው፣ የወንበሩ? ሂጂ መልሰሽ ውሰጂ! ወላሂ መደቡ ባዶ ከቀረ እስክሞት አላናግርሽም!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። "እቴ፣ ዘወር በይ" አለኝ ረዳቱ። ሚኒባሷ ስትንቀሳቀስ ዘሃራ አሁንም "ሂጂ!" እያለች ትጮኽብኝ ነበር፤ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። ደህና ሁኚ አልተባባልንም።

ተመልሼ ቢሮ ስደርስ ኮሚቴው እየገባ ነበር። አቶ ሙሉጌታ ምንም ሳይጠይቁኝ ማመልከቻዬን አነሱና ሰጡኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ስሜ ተነበበ፣ አንዱ ሰውዬ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሰዓት በሐሳቤ ስስለው እጮኻለሁ ብዬ ነበር። አልጮኽሁም። እግሬ ብቻ አሞኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከቢሮው እስከ እትዬ ሐዋ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን በገበያው በኩል ዞርሁ፣ በመስጊዱ በኩል ዞርሁ። የምናገረውን እያጠናሁ ነበር፦ ዕጣው አልወጣላትም፣ ዕጣው አልወጣላትም።

ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠብቀውኛል።

"እትዬ ሐዋ፣ ዕጣው..." አልሁ።

"ተይ፣ ልጄ" አሉኝ።

የበሩን መቃን ተደግፌ ቆምሁ።

"ትናንት ስመርቅ አሚን ያልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ልጄ አፏን አልከፈተችም።" እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ቀስ እያሉ ያሹታል። "ለራሷ ሲመረቅ አሚን የማይል ሰው ሐሳቡን ቆርጧል። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርሁ። ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በጓሮ ስትወጣ ሰምቻታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁላት። ላንቺም 'ከዚያው እንገናኝ ብላሻለች' ያልሁሽ ከራሴ ነበር።"

"ለምን አልከለከላችኋትም?"

"በምን ልከልክላት? ዓመት ከመንፈቅ ከለከልኋት እኮ። በየጠዋቱ ፊቷን አየዋለሁ። ይኸው እዚህ ቁጭ ብላ እያለቀች ነበር።" የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ። "ሥራውን ማን ያዘው?"

መዋሸት አልቻልሁም። "እኔ ነኝ። ያ ሌላው ሰውም እኔ ነበርሁ።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝም ይሻለኝ ነበር።

"ትናንት በራስሽ ላይ ነበር አሚን ያልሽው?"

"አዎ።"

"አይ፣ ልጄ" አሉና እጄን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "እናትሽ ሰምታለች?"

"ገና አልደወልሁም።"

"ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? እናት እየተጨነቀች! ደውይላት እንጂ። እዚሁ ደውይላት፣ እኔም ልስማ።"

እምቢ ማለት አልቻልሁም። ደወልሁ። "እማ፣ ሥራ አገኘሁ" አልሁ። ወዲያ ማዶ እናቴ ቃል ሳትመልስ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤት ተቀበላት፣ አባቴ "ምንድን ነው?" እያለ ሲጠይቅ ይሰማኛል፤ ስልኬ ድምፁ ትልቅ ነው፣ ቤቱን ሞላው። እትዬ ሐዋ የእናቴን እልልታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ግድግዳ ይዘው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ በነጠላ የታፈነ ልቅሶ ሰማሁ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ከደጅ ተቀምጬ ቀረሁ። እናቴ አሁንም እልል ትል ነበር።

ይኸው አሁን በዚያ መደብ ላይ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ፕሪንተር ማስታረቅ፣ የጠፋ ፋይል ፍለጋ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል መቀየር ነው። አልፎ አልፎ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሰዎች በእጅ የሚሠሩትን በማሽን ሲሠሩት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን መብራት ካለ። ወንድሜ ከትምህርት አልቀረም። ዩኒቨርሲቲ ገባና ነርሲንግ መረጠ። ኮምፒዩተር አልመረጥህም ብዬ አልተቀየምሁትም።

ዘንድሮ የምትመረቁ፣ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ከእኔ ማበረታቻ ከጠበቃችሁ ይቅርታ። መምህር መሆን ይቻላል፣ ባንክ መግባት ይቻላል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት ይቻላል፣ መብራትና ኔትወርክ ያለበት ከተማ ሄዶ ለሰው በነጻ መሥራትም ይቻላል። ሁሉንም የሞከሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ አላውቅም። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው። ያን ምሽት እኔና ዘሃራ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን በልባችን ለብቻችን ወስነን ነበር። እኔ ለእሷ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ልጠይቃት እንኳ አልደፈርሁም። የፈለገችው ሥራውን እንዳልነበር፣ አንድ ጊዜ ራሷ መወሰን እንደነበር ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ለሰው ውለታ አልውልም። ሰዎች ደረቅ ነሽ ይሉኛል። ይበሉ። ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች ቀስቅሷት። ትቆጣችሁ። ግን አውሯት።

ዘሃራ ሪያድ ናት። አርብ አርብ ሰዓት ታገኛለች፣ እንደዋወላለን። ስለ ቤቱ አታወራም፤ እኔም አልጠይቃትም። የምታወራው ስለ እናቷ ጉልበትና ስለ እኔ ፕሪንተር ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፤ ለአንድ የሶፍትዌር ባለሙያ። የተየብሁት እኔ ራሴ ነኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አርብ ስትደውል አንብባው ነበር።

"እመቤት፣ ዜሮ ዓመት ልምድ ነው የሚለው?"

"አዎ። ዜሮ ዓመት።"

"እዚህ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው" አለችኝ። "በሕይወቴ እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም። እና እኔ አሁንም ዜሮ ነኝ፣ አይደል?"

ከበስተጀርባዋ አንድ የሴት ድምፅ በዓረብኛ ሲጣራ ሰማሁ። የጠራት ግን በስሟ አልነበረም።

"መጣሁ" አለች ዘሃራ፤ ያለችው እኔን አልነበረም።